ናይትረስ ከመግጠም በፊት ነዳጁን መቁጠር

ጉልበት ለመጨመር ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ የተገጠመለት ሞተር ተቃጠለ ሲባል ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በጋዙ ላይ ይጣላል። ሞተሩን ፈትቶ ያየ መካኒክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የቆሸሸ ፊልትሮ፣ ያልተመጠነ ጄት (የጋዙንና የነዳጁን መጠን የሚወስን ባለ ቀዳዳ ክፍል)፣ ወይም ያልዘገየ ታይሚንግ (ካንዴላው የሚለኩስበት ጊዜ)። ጋዙ ወደ ሲሊንደሩ ተጨማሪ ኦክስጅን ያስገባል፤ ሥራው በዚህ ያበቃል። ለዚያ ኦክስጅን የሚበቃ ቤንዚን ማቅረብ የገጣሚው ኃላፊነት ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ናይትረስ ቢሆንም ግማሽ ያህሉ ስለ ነዳጅ ነው።

ጋዙ ሞተር ውስጥ ምን ያደርጋል

አንድ የናይትረስ ሞለኪውል ሁለት ናይትሮጅንና አንድ ኦክስጅን ይዟል። በክብደት ሲሰላ 36 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ በተራ አየር ውስጥ ያለው ግን 23 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጋዙ ራሱ አይቀጣጠልም፤ የሌላውን ነገር ቃጠሎ ያግዛል እንጂ። ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲሞቅ ይበታተንና ኦክስጅኑን ይለቃል፤ ይህ ሙቀት ደግሞ ካንዴላው ብልጭታ ከሰጠ በኋላ ሲሊንደሩ ውስጥ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛ ጥቅምም አለው። ጠርሙሱ ውስጥ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ በተራ የአየር ግፊት ግን የሚፈላው ከዜሮ በታች 88 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ከኖዝሉ፣ ማለትም ከሚረጭበት አፍ፣ እንደወጣ ወዲያው ይተንና ዙሪያውን ያለውን አየር ያቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር በእኩል ቦታ ውስጥ የበለጠ ክብደት ይይዛል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ጀርመኖች ጂ.ኤም-1 በተባለ ዘዴ ናይትረስን በአውሮፕላን ሞተሮች ውስጥ ይረጩ ነበር፤ አየሩ ሳስቶ ሞተሩ በሚደክምበት ከፍታ ላይ የጎደለውን ኦክስጅን ለመተካት ነው። መኪና ላይ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ሒሳቡ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በአየር በተሟላ ሁኔታ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። በናይትረስ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው 9.6 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ማለትም እኩል ክብደት ያለው ናይትረስ ከአየር ይልቅ ብዙ ቤንዚን ይጠይቃል። በተግባር ደግሞ ገጣሚዎች ከዚህም በላይ ነዳጅ ይጨምራሉ፤ የተረፈው ቤንዚን ሙቀቱን ያረግባል፣ ፒስተኑንም ያድናል። ነዳጁ ከሚገባው ሲያንስ ግን ድብልቁ እጅግ ይሞቃል፣ ካንዴላው ከመለኮሱ በፊት ወይም ከለኮሰ በኋላ በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ናይትረስ ላይ ያለ ሞተር ሲያንኳኳ ለማዳን ያለው ጊዜ በሴኮንዶች የሚቆጠር ነው። መጀመሪያ የሚሰበረው በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) መካከል ያለው የፒስተን ጠርዝ ነው፤ ቀጥሎ ፒስተኑ ይቀልጣል ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይነፋል።

ስንት የፈረስ ጉልበት መጨመር ይቻላል

ምንም ያልተነካ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ሞተር ላይ የተለመደው መነሻ ይህ ነው፦ አራት ሲሊንደር ከሆነ ከ35 እስከ 60፣ ስድስት ሲሊንደር ከሆነ ከ75 እስከ 100፣ ትልቅ ስምንት ሲሊንደር ከሆነ ከ125 እስከ 150 የፈረስ ጉልበት። ከዚህ በላይ ለመሄድ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን፣ ጠንካራ ቢየላ እና በላይኛው ፋሻ ጫፎች መካከል የሰፋ ክፍተት ያስፈልጋል። ፋሻ በሙቀት ይረዝማል፤ ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች ይጋጠማሉ፣ ፋሻው የሚሄድበት ያጣል፣ ፒስተኑንም ይሰብራል። ይህ ስብራት ከማንኳኳት የመጣ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያሳስታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገጥም ሰው ምክራችን የማያሻማ ነው፦ አራት ሲሊንደር ያለው የመንገድ መኪና ላይ 50 የፈረስ ጉልበት በቂ ነው። ልዩነቱ በደንብ ይሰማል፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ይሸከሙታል፣ ስህተት ቢፈጠርም ከ100 ይልቅ ይቅር ይላል።

ከመግዛት በፊት ሞተሩ ይመርመር። የእያንዳንዱ ሲሊንደር የጭመቃ ግፊት ይለካ፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ዘይት የሚበላ፣ ውሃ የሚቀንስ ወይም አልፎ አልፎ ካንዴላ የሚስት ሞተር ላይ ናይትረስ አይገጠምም። ድክመቱን ይፈልገውና ያገኘዋል።

ደረቁና እርጥቡ

ስርዓቶቹ በዋናነት የሚለያዩት ተጨማሪው ነዳጅ በየት በኩል ይመጣል በሚለው ጥያቄ ነው።

ደረቅ የሚባለው ስርዓት በኖዝሉ የሚረጨው ናይትረስ ብቻ ነው። ነዳጁን የሚጨምሩት የመኪናው የራሱ ኢንጀክተሮች (ነዳጅ የሚረጩት ክፍሎች) ናቸው፤ ወይ ኮምፒውተሩ በአዲስ ፕሮግራም የክፍቱን ጊዜ ያስረዝማል፣ ወይ ናይትረሱ ሲከፈት የነዳጁ ግፊት እንዲጨምር ይደረጋል። በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ፈሳሽ ቤንዚን ስለማይሄድ የመጠራቀም አደጋ የለም፤ ለአየር ብቻ ተብሎ በተሠራ ረጅምና ጠመዝማዛ የፕላስቲክ ማኒፎልድ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ድክመቱ የኢንጀክተሮቹ አቅም ነው። አንድ ምሳሌ እናስላ። 150 የፈረስ ጉልበት ያለው አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ 50 ቢጨመር 200 ይሆናል። ቤንዚን ሞተር በሙሉ ጭነት ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 227 ግራም ያህል ነዳጅ ይበላል፤ ስለዚህ ለ200 በሰዓት 45 ኪሎ ወይም 61 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ለአራት ሲካፈል እያንዳንዱ ኢንጀክተር በደቂቃ 255 ሚሊ ሊትር ማፍሰስ አለበት። ኢንጀክተር ደግሞ ከ85 በመቶ በላይ ክፍት ሆኖ እንዲሠራ አይመከርም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር የሚያፈስ ነው። በሞተሩ ላይ ያለው 240 ከሆነ ደረቅ ስርዓት ከመግጠም በፊት ኢንጀክተር መቀየር ግድ ነው።

እርጥብ ስርዓት ላይ ሁለት ሶሌኖይድ ቫልቮች (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ መዝጊያዎች) አሉ፤ አንዱ ለናይትረስ፣ አንዱ ለቤንዚን። ሁለቱም ወደ አንድ ኖዝል ይገባሉ፤ ጋዙ በኃይል ሲወጣ ቤንዚኑን ወደ ጉም ይቀይረዋል። ኢንጀክተር አይነካም፣ ኮምፒውተሩም ላይ የነዳጅ ፕሮግራም መቀየር አያስፈልግም። ለብዙ የመንገድ መኪና የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ናይትረስና ነዳጁ በአንድ መስመር አብረው ይመጣሉ፣ ጄቶቹም ጥንድ ሆነው ይመጠናሉ። አንድ ኖዝል ብቻ ስላለ ግን ሁሉም ሲሊንደር እኩል ላይደርሰው ይችላል። ከ100 የፈረስ ጉልበት በታች ይህ ብዙ አያሳስብም፤ ከዚያ በላይ ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኖዝል የሚገጠምበት ዳይሬክት ፖርት የተባለው ይመረጣል። እርሱ የውድድር መኪና ነገር ነው፤ ማኒፎልድ ማውረድና በጥንቃቄ መብሳት ይጠይቃል።

ካርቡራቶር ያለው ሞተር ከካርቡራቶሩ ሥር የሚገባ ፕሌት ያለው ስርዓት ይሻለዋል፤ ሁለት የተበሱ ቱቦዎች ጋዙንና ነዳጁን በስፋት ይበትናሉ። የናፍታ ሞተር ሒሳቡ ሌላ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ፓምፑ ይችላል?

50 የፈረስ ጉልበት ለመጨመር በሰዓት 11 ኪሎ፣ ማለትም 15 ሊትር ያህል ተጨማሪ ቤንዚን ያስፈልጋል። 100 ከሆነ 30 ሊትር። ፓምፑ ይህንን መስጠቱ የሚታወቀው በመለካት ነው። የነዳጅ መመለሻ ቱቦ ባለው መኪና ላይ መመለሻው ተፈቶ የመለኪያ ምልክት ወዳለው እቃ ይገባል፣ ፓምፑ በሥራ ግፊቱ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ባር፣ ለ30 ሴኮንድ እንዲሠራ ይደረጋል። ፓምፑ ሞተሩ ሲሠራ የሚኖረውን ከ13 ቮልት በላይ ማግኘት አለበት፤ በደከመ ባትሪ የተለካ ፓምፕ ከእውነቱ በታች ያሳያል። ከላይ ላየነው የ200 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሚያስፈልገው በደቂቃ አንድ ሊትር ስለሆነ በ30 ሴኮንድ ግማሽ ሊትር ይወርዳል ማለት ነው። የአንድ አምስተኛ ያህል መጠባበቂያ ጨምረን ከ600 ሚሊ ሊትር በታች የሚሰጥ ፓምፕ ይቀየር እንላለን። ይህ ሥራ የሚሠራው ሞተሩ በቀዘቀዘበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ተቀምጦ ነው።

የነዳጅ ፊልትሮው በዚሁ አጋጣሚ በአዲስ ይተካ። ገና ሳይቀየር ናይትረስ የተገጠመበት አሮጌ ፊልትሮ ዝም ብሎ የሚቆይ ጠላት ነው፤ በተራ ንዳት ምንም አይታይበትም፣ ሙሉ ጭነት ላይ ግን ግፊቱን ይጥለዋል።

ጠርሙሱና ቱቦው

ጋዙ የሚቀመጥበት የተለመደው የአሉሚኒየም ጠርሙስ 4.5 ኪሎ ናይትረስ ይይዛል። 50 የፈረስ ጉልበት በሴኮንድ 20 ግራም ያህል ጋዝ ይበላል፤ ስለዚህ ሙሉ ጠርሙስ በጠቅላላው ለአራት ደቂቃ ገደማ ይበቃል። በአንድ ጊዜ የሚረገጠው ከአምስት እስከ አስር ሴኮንድ ስለሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ እስከ ታች የሚወርድ የመምጠጫ ቱቦ አለ። ቱቦው ፈሳሹን እንጂ ከላይ ያለውን ትነት መሳብ የለበትም። ስለዚህ አቀማመጡ የታወቀ ሕግ አለው፦ ጠርሙሱ ፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ በርዝመቱ ይተኛል፣ ቫልቩ ወደ መኪናው ፊት ይዞራል፣ የጽሑፍ ምልክቱ ወደ ላይ ይሆናል፣ የቫልቩም ጫፍ በ15 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። መኪናው ሲፈተለክ ፈሳሹ ወደ ኋላና ወደ ታች ይሸሻል፤ የመምጠጫው አፍም የሚጠብቀው እዚያው ነው። ተገልብጦ የታሰረ ጠርሙስ ግማሽ ሳይጨርስ ትነት መላክ ይጀምራል።

ማሰሪያዎቹ በወለሉ ብረት ላይ አልፈው በብሎንና በዳዶ ይታሰራሉ፤ ከሥር ሰፊ ሮንዴላ ይገባል። በቪዳ ብቻ መያዝ አይቻልም፤ በግጭት ጊዜ ከአስር ኪሎ ያላነሰ ነገር ወደ ተሳፋሪ ይወረወራል። ከመብሳት በፊት ከወለሉ ሥር ምን እንዳለ ይታይ፤ የነዳጅ ታንከር ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው። ጠርሙሱ ከተሳፋሪው ክፍል ጋር በማይለያይ ቦታ ላይ ከተቀመጠ የደህንነት ዲስኩ መውጫ በቱቦ ወደ ውጭ መወሰድ አለበት። ዲስኩ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ይቀደድና ጋዙን ይለቃል፤ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ይህ አየሩን አባርሮ ሾፌሩን ራሱን ሊያስተው ይችላል።

ጋዙን ወደ ፊት የሚወስደው በማይዝግ ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ከመኪናው ሥር ይሄዳል። ከማርሚታና ከሚሽከረከር ነገር ይራቅ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ገመድ ጋር አይነካካ፣ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ይያዝ። ሶሌኖይዱ ላይ ከመታሰሩ በፊት የቱቦው ጫፍ ከሰውና ከእሳት ርቆ ጨርቅ ላይ ይያዝና ጠርሙሱ ለአፍታ ተከፍቶ ይዘጋ፤ ውስጥ የቀረ ብናኝ ይወጣል። ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳን በቅዝቃዜ ያደርቃል፣ እንደ ቃጠሎ ያቆስላል።

በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ሁለት ነገር አይደረግም። ነጩ የቴፍሎን ጥቅል አይጠመጠምም፤ ቁራጩ ተገንጥሎ ጄቱን ይዘጋል ወይም ሶሌኖይዱን ክፍት አድርጎ ያስቀራል። ሾጣጣ ጥርስ ባላቸው መገጣጠሚያዎች ላይ ብቻ ፈሳሽ የቴፍሎን ማሸጊያ በትንሹ ይቀባል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥርሶች ግን ንጹሕ ይቀራሉ። ሌላው ክልክል ዘይትና ግራሶ ነው። ናይትረስ በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ሊቀጣጠል ይችላል።

ኖዝሉ የት ይገባል

እርጥብ ኖዝል ከስሮትሉ ቢራቢሮ (የሚገባውን አየር ከሚከፍትና ከሚዘጋው ክዳን) በፊት ከ7 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይገባል፤ ከአየር መለኪያው ሴንሰር በኋላ መሆኑ ግዴታ ነው። ቤንዚን በሴንሰሩ ላይ ከተረጨ ሴንሰሩ ይበላሻል። የኖዝሉ አፍ ወደ ቢራቢሮው መሃል ያነጣጥራል፤ አንድ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ከሆነ ቤንዚኑ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። ቱቦው የላስቲክ ከሆነ በቀጥታ መብሳት አይበቃም፤ ከውስጥና ከውጭ የሚያጠብቅ ማያያዣ ይገባል። የብረት ከሆነ ሁልጊዜ ከመኪናው ላይ ወርዶ ይበሳ፣ ብናኙም ይታጠብ፤ አንድ የአሉሚኒየም ፍርፋሪ ሲሊንደር ለመቧጨር ይበቃል።

ሶሌኖይዶቹ በተቻለ መጠን ለኖዝሉ ቅርብ ይሆናሉ፤ ከሶሌኖይድ እስከ ኖዝል ያሉት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎችም ርዝመታቸው እኩል ይሁን። የነዳጁ ቱቦ ከናይትረሱ ከረዘመ ጋዙ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሞተሩም በእያንዳንዱ ጅማሬ ለቅጽበት ነዳጅ ያጣል። በሶሌኖይዱ ላይ ያለው ቀስት የፍሰቱን አቅጣጫ ያሳያል፤ ተገልብጦ ከታሰረ ግፊቱን አይዝም።

ጄቶች ቀዳዳቸው በኢንች ሺኛ የሚቆጠር ትንንሽ የነሐስ ክፍሎች ናቸው፤ 35 የተጻፈበት ጄት ቀዳዳው 0.89 ሚሊ ሜትር ነው። አምራቹ የሚሰጠው የጄት ሰንጠረዥ የተሠራው ለአንድ የታወቀ የነዳጅ ግፊትና ለአንድ የታወቀ የጠርሙስ ግፊት ነው። የመኪናው የነዳጅ ግፊት 4 ባር ሆኖ ሰንጠረዡ የሚለው 3 ከሆነ ያንን ጥንድ ጄት እንዳለ መጠቀም አይቻልም።

ሽቦው

አንድ ማብሪያ ብቻ አድርጎ ጋዙን በጣት መልቀቅ የፊልም ነገር ነው። ደህና ስርዓት በርካታ ሁኔታዎች በአንድ ጊዜ ካልተሟሉ አይከፈትም፤ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ይታሰራሉ።

የተለመደው ባለ 30 አምፒር ሬሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) አስተሳሰሩ ይህን ይመስላል። እግር 30 በፊውዝ በኩል ከባትሪ ይመጣል፤ ሽቦው ከ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ባይቀጥን ይሻላል። እግር 87 ወደ ሁለቱ ሶሌኖይዶች ይሄዳል። እግር 85 የሚበራው በመጀመሪያ ከዳሽቦርድ ማብሪያ፣ ቀጥሎ ከስሮትል ማይክሮ ስዊች፣ ቀጥሎ ከነዳጅ ግፊት ስዊች አልፎ ነው። እግር 86 ሞተሩ በተወሰነ የዙር ክልል ውስጥ ሲሆን ብቻ በሚፈቅደው የዙር መቆጣጠሪያ በኩል ወደ መሬት ይገባል። የዳሽቦርዱ ማብሪያ ኃይል የሚያገኘው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚበራ መስመር ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሶሌኖይድ መከፈት የለበትም።

ማይክሮ ስዊቹ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ብቻ ቀጭ ማለት አለበት። በግማሽ ስሮትል የሚገባ አየር ጥቂት ነው፤ ጋዙ ግን መጠኑ አይቀንስም፤ ድብልቁ የማይገመት ይሆናል። ስሮትሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ላይ ማይክሮ ስዊች ፋንታ የስሮትል ሴንሰሩን ቮልት የሚያነብ መሣሪያ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የማይታለፈው የዙር መቆጣጠሪያው ነው። ከ3000 ዙር በታች ሞተሩ አየር የሚስበው በዝግታ ነው፤ የሚረጨው ቤንዚን ማኒፎልዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንድ የሚከፈት ቫልቭ እሳት ሲመልስ ማኒፎልዱ በሙሉ ይፈነዳል። የፕላስቲክ ማኒፎልድ ተሰንጥቆ ኮፈኑን ሲያጎብጥ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በላይኛው በኩል ደግሞ ሊሚተሩ (የሞተሩን ከፍተኛ ዙር የሚገድበው) ከሚቆርጥበት 300 እስከ 500 ዙር ቀድሞ ጋዙ መዘጋት አለበት። ደረቅ ስርዓት ላይ ሊሚተሩ ነዳጅ ሲቆርጥ ጋዝ ብቻውን ይቀራል፤ ፒስተን የሚያቀልጠው ይህ ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያው በ3000 ተከፍቶ፣ ሊሚተሩ 6500 ከሆነ በ6100 እንዲዘጋ ማስተካከል ጥሩ መነሻ ነው።

የነዳጅ ግፊት ስዊቹ ሥራ አጭር ነው። ግፊቱ ከተቀመጠለት በታች ሲወርድ ጋዙን ይዘጋል። ዋጋውን ለመቆጠብ ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው፤ ከሁሉም የሚቆጨው ቁጠባ ይህ ነው።

ካንዴላና ታይሚንግ

ጋዙ ቃጠሎውን ስለሚያፈጥነው ብልጭታው ዘግይቶ መምጣት አለበት። የተለመደው መለኪያ ለእያንዳንዱ 50 የፈረስ ጉልበት ሁለት ዲግሪ ማዘግየት ነው። ካንዴላ ከፋብሪካው ከሚታዘዘው በአንድ ደረጃ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ክፍተቱ ከ0.75 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር። ጫፉ ረጅም ሆኖ ወደ ሲሊንደሩ የሚዘልቅ ካንዴላ ጫፉ ይግልና ራሱ መለኮሻ ይሆናል። ቤንዚኑ ደግሞ ከሚገኘው ሁሉ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ይሁን።

ከመንዳት በፊት የሚደረግ ሙከራ

ጠርሙሱ ተዘግቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የነዳጁ ሶሌኖይድ ተነቅሎ የናይትረሱ ሶሌኖይድ ብቻ ይብራ፤ ቀጭ ሲል መሰማት አለበት። ከዚያ የናይትረሱ ሶሌኖይድ ተነቅሎ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ የነዳጁ ሶሌኖይድ ለአንድ ሴኮንድ ይብራ፤ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት መንተፋተፍ አለበት። ካልተንተፋተፈ ነዳጅ አይደርስም፤ ችግሩ ሳይገኝ ወደ ፊት አይኬድም።

ቀጥሎ ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የጠርሙሱ ቫልቭ ይከፈት። ዙሩ ከጨመረ ሶሌኖይዱ ያፈሳል። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ሌሊቱን ሲያፈስ ያደረ ሶሌኖይድ ማኒፎልዱን በጋዝ ይሞላና ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ይፈነዳል። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ በሳሙና ውሃ ይፈተሹ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ሙከራ ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ወይም በተዘጋ ሜዳ ላይ ነው። ትንሹ ጥንድ ጄት ይገባል፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ3000 ዙር ትንሽ ከፍ ብሎ ለአራት ወይም ለአምስት ሴኮንድ ይረገጣል፣ ወዲያው ሞተሩ ይጠፋል፣ ካንዴላዎቹም ይወጣሉ። ዋይድባንድ የተባለው የድብልቅ መለኪያ ከ11.5 እስከ 12 ድረስ ቢያነብ መልካም ነው። ከ12.5 በላይ ካነበበ ጄት ሳይቀየር ደግሞ አይረገጥም። መለኪያው ግን የሁሉንም ሲሊንደር አማካይ ነው የሚናገረው፤ የአንዱን ድካም የሚያሳየው ካንዴላው ነው። በነጩ ሸክላ ላይ የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን የብር ነጠብጣቦች ካሉ ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል ማለት ነው። የጫፉ ብረት ከላይ እስከ ሥሩ ሰማያዊ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል፤ ታይሚንጉ ይዘግይ ወይም ካንዴላው በሌላ አንድ ደረጃ ይቀዝቅዝ።

የጠርሙሱ ሙቀት ለምን ሁሉን ይቀይራል

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት የሚወሰነው በሙቀቱ ነው፤ ሙሉ ይሁን ግማሽ ለውጥ የለውም። በ0 ዲግሪ 31 ባር ነው፣ በ20 ዲግሪ 50 ባር፣ በ30 ዲግሪ 63 ባር። ከ36.4 ዲግሪ በላይ ፈሳሽና ትነት የሚባል ልዩነት ይጠፋል። አብዛኞቹ ጄቶች የተሰሉት ለ900 እስከ 950 ፒ.ኤስ.አይ፣ ማለትም ለ62 እስከ 65 ባር ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት ግፊቱ 600 ፒ.ኤስ.አይ ከሆነ የጋዙ ፍሰት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ነዳጁ ግን አልቀነሰም፤ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ ይደክማል። ይህ ሞተር አይጎዳም። አደገኛው ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጠርሙስ 1100 ከደረሰ የጋዙ ፍሰት ከስምንት በመቶ ባላነሰ ይጨምራል፤ ነዳጁ ግን እንደነበረ ነው። ስለዚህ ግፊት የሚያሳይ ጌጅ ሳይኖር ጋዙ መለቀቅ የለበትም።

ለማሞቅ የሚያገለግለው ግፊቱ ሲሞላ ራሱን የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። በእሳት ማሞቅ የአሉሚኒየሙን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ እንዲህ የፈነዳ ጠርሙስ ሰው ሊገድል ይችላል። ሲሞላም በሚዛን ይሞላል፤ በላዩ ከተጻፈው ክብደት አይለፍ። ፈሳሹ ሲሞቅ ይሰፋል፤ መስፋፊያ ባዶ ቦታ ካላገኘ ግፊቱ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ይተኮሳል።

ለመኪና የሚሸጠው ጋዝ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ተጨምሮበታል፤ ሰው እንዳይተነፍሰው ተብሎ ነው፤ ሲተነፈስ ሳንባን ያቃጥላል። ጋዙ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል፣ ኦክስጅኑንም ይተካል። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ በብዙ ቦታ በሕዝብ መንገድ ላይ ስርዓቱ መያያዝ የለበትም፣ የመድን ውልም በዚህ ምክንያት ሊፈርስ ይችላል። የጠርሙሱ ቫልቭ ከሙከራ ውጭ ምንጊዜም ዝግ ይሁን፤ ቱቦው ውስጥ የቀረውም ግፊት መኪናው ከመቆሙ በፊት ይለቀቅ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥገና ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጠርሙስ ባለቀ ቁጥር ሶሌኖይዶቹ ይፈቱና ውስጣቸው ያለው ፕላስቲክ መቀመጫ መጎድጎዱ ይታይ፣ የናይትረሱ መግቢያ ፊልትሮ ይጽዳ፣ የነዳጁ ግፊት ጋዙ ሲለቀቅ ይውረድ አይውረድ በጌጅ ይታይ። ጠርሙሱ ራሱ በየአምስት ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተሻል፤ ቀኑ አንገቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል፣ ያለፈበትን የሚሞላ ጣቢያም ሊመልሰው ይገባል።